ብሎኬታችንን አጥር በላው

የሂሳብ መምህርት ስለሆንኩ በቁጥር ልጀምር። ሃያ መምህራን ሆነን የቤት መሥሪያ ማኅበር አቋቋምን። ለእያንዳንዳችን 200 ካሬ፣ ዐሥር በሃያ፣ ደረሰን። በሁለት ረድፍ ዐሥር ዐሥር ሆነን ጀርባ ለጀርባ ተሰለፍን። ሁላችንም ቦታችንን ዙሪያውን አጠርን። ለአንድ ሰው 60 ሜትር፣ ለሃያችን 1,200 ሜትር አጥር ሆነ። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር አንድ አጥር ቢጋራ ኖሮ 740 ሜትር ይበቃን ነበር። ሃያችንም አንድ ግቢ ብንሆን ዙሪያው 280 ሜትር ብቻ ነው። በ1,200 እና በ280 መካከል ያለውን 920 ሜትር በሁለት ሜትር ቁመት አስሉት፤ ለአንድ ካሬ ሜትር ዐሥራ ሁለት ተኩል ብሎኬት ስለሚገባ 23,000 ብሎኬት ይመጣል። ስድስት በስምንት የሆነች፣ ሁለት መኝታና አንድ ሳሎን ያላት ቤት ግድግዳዋ የሚጠይቀው 1,500 ያህል ብሎኬት ነው። የዐሥራ አምስት ቤት ግድግዳ አጥር ሆኖ ቆሟል ማለት ነው። ከሃያችን ቤቱን ጨርሶ የገባው ስድስት ሰው ብቻ ነው።

ይህን ሂሳብ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳኝም ሠርቼዋለሁ። መልሱ አይለወጥም።

ነገሩ የሆነው ቀድሞ በማስተምርበት ሌላ ከተማ ነው። ከተማውንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም፤ ጠቤ ከአንድ ወንበር ጋር አይደለም። ጠቤ በየወረዳው ከተማ ሥር ከሰደደ አስተሳሰብ ጋር ነው። ቤት ማለት አጥር ነው፣ ቤት ማለት ብሎኬት ነው፣ ቤት ማለት ለብቻ ነው ይላል። ያኔ «በጭቃ እንጀምርና አቅም ስናገኝ እናሻሽለው» ብለን ብንጠይቅ «ጭቃ ጊዜያዊ ነው፤ ለማኅበር ቤት አይፈቀድም» ተባልን። መልሱን የሰጠን ወጣት ክፉ ሰው አልነበረም፤ በትሕትና ነው የነገረን። እኔ ግን ያደግኩት እዚህ ጎጃም ደምበጫ፣ አባቴ በ1968 ባቆመው የጭቃ ቤት ነው። አባቴ አልፏል፤ ቤቱ ግን ዛሬም እናቴን አስጠልሏል። የእኔ የብሎኬት ቤት ደግሞ መሠረቱና ቋሚው ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ፌሮው ዝጎ፣ ጣሪያ ሳያይ፣ በግርማ ሞገስ በታጠረ አጥር ውስጥ ሣር በቅሎበታል። እንግዲህ ከሁለቱ ጊዜያዊው የትኛው ነው?

በ2014 ሲሚንቶ ጠፍቶ ኩንታሉ ከሺህ ብር ሲያልፍ ከማኅበራችን ብዙዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ለጎጃም ሰው ሲሚንቶ ከሙገርና ከደርባ ተጭኖ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ የሚመጣ ዕቃ ነው። ብረቱማ ከዚያም የራቀ ነው። እኛ የተቀመጥነው ቀይ አፈር ላይ ነው። ዙሪያችን ባሕር ዛፍ ነው፤ ግንዱ ከጎጃም ተጭኖ እስከ ሱዳን ሲሸጥ ኖሯል። አውድማችን ላይ የጤፍ ጭድ ተከምሯል። ይህን ሁሉ ረግጠን አልፈን የመኪና ጭነት እንጠብቃለን። ጭነቱ ሲዘገይ ዕድሜያችን ያልቃል።

ጭቃ ሲቦካ ያላየ ሰው ጭቃን ቢንቅ አልፈርድበትም። እኔ አይቻለሁ። አፈሩ ተቆፍሮ ይከመራል፣ መሀሉ ይጎደጉድና ውሃ ይሞላል፣ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል። ከዚያ በእግር ይረገጣል፤ እኛ ልጆች እስከ ጉልበታችን እየሰጠምን የምንስቅበት ቀን ነበር። ግን ወዲያው አይመረግም። ተሸፍኖ ይሰነብታል፤ ጭዱ እስኪበሰብስ፣ ሽታው እስኪለወጥ፣ እናቴ ጣቷን ሰዳ «አሁን ደረሰ» እስክትል። በደንብ የሰነበተ ጭቃ ሲደርቅ አይሰነጠቅም። የመጀመሪያው ምርጊት ማገሩን ይሸፍናል፣ ሁለተኛው ያስተካክላል፣ የመጨረሻው ከእበት ጋር ተለውሶ በሴቶች መዳፍ ይለሰናል። በእናቴ ቤት ከበሩ በስተቀኝ፣ ኖራ ያልደረሰበት ቦታ ላይ፣ የአራት ጣት ፈለግ አለ። የሟች አክስቴ ጣት ነው። ያን ቤት ወንፈል የገባ ጎረቤት ነው ያቆመው፤ አባቴ ለጉልበት የከፈለው ገንዘብ የለም፤ የከፈለው በተራው ሄዶ የሌላውን በመመረግ ነው።

ጭቃ ችግር የለበትም አልልም። ውሃ ይበላዋል፣ ምስጥ እንጨቱን ይገባበታል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው። መሠረቱን በድንጋይ እስከ ጉልበት ማውጣት፣ የጣሪያውን ክንፍ ማስረዘም፣ የባሕር ዛፉን እግር የተቃጠለ ዘይት መቀባት። ይህን ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው የምናውቀው። ዩኒቨርሲቲ ቢጨመርበት ምን ሊወጣው እንደሚችል ደግሞ የወንድሜ ልጅ አሳየኝ።

ልጁ አርክቴክቸር ያጠናል። ለመመረቂያ ሥራው የመረጠው ሳይት ማስፋፊያ የምንለው የደምበጫ ዳርቻ ነው። በሠራው ነገር ላይ አስተያየታችንን ሊሰማ ሞዴሉን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሚኒባስ ይዞት መጣና የእናቴ ሞሰብ ላይ ዘረጋው። ካርቶንና ስቴኪኒ ነው። ሃያ ቤት በሁለት ረጃጅም ጣሪያዎች ሥር፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው፣ መሀላቸው ሰፊ ግቢ። ባለቤቱ መጀመሪያ የድንጋዩን መሠረት፣ የባሕር ዛፉን ቋሚና ጣሪያውን ከማኅበሩ ጋር በጋራ ያቆማል፤ ከዚያ የየራሱን ክፍል እንደ አቅሙ በጭቃ ይሞላል። ከላይ ቆጥ አለው፤ ልጅ ሲያድግ መኝታ ይሆናል። ከጀርባ ጎመንና ድንች የሚተከልባት፣ ሲያስፈልግም አንድ ክፍል የምትወጣባት ቦታ ቀርታለች። እኛ 4,000 ካሬ ለፈጀንበት ሃያ ቤት እሱ 2,200 በቃው። 1,800 ካሬ የጤፍ ማሳ ሳይነካ ቀረ።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ብዙ ዝም አለች።

«ማድ ቤቱ የታለ?»

«ይኸውና እማማ። ለሃያው ቤተሰብ አንድ ትልቅ የጋራ ማድ ቤት ነው። አንቱ ከጎረቤት ጋር እየተጨዋወቱ ያበስላሉ።»

«ሽሮ ብቻ የሠራሁ ለት ሃያ ሰው ድስቴን ሊያይብኝ ነው?»

ልጁ መልስ አጣ።

«ስማኝ ልጄ፣ ድስት የቤት ገመና ነው። ምጣድ ግን ገመና የለውም። ምጣዱን በጋራ አድርገው። በሳምንት ሁለት ቀን ነው የምንጋግር፤ አንዷ ያሞቀችውን ሌላዋ ትቀበላታለች፣ እንጨቱም ይተርፋል። ድስቱን ግን ለየቤቱ መልስ።»

ከዚያ ጭሱ ወዴት እንደሚወጣ ጠየቀችው። ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ ጠየቀችው፤ አላወቀም፤ በእጇ አሳየችው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ የት እንደሚተከል ጠየቀችው። ይሄኛውን አውቆታል፤ ግቢውን አሳያት። «ስንት ሰው ያስቀምጣል?» አለች። እስክሪብቶ አውጥቶ አሰላላት። በዚያ ሌሊት ትልቁን ማድ ቤት በምላጭ ቆርጦ አወጣው። ጠዋት ስንነሳ ባለ ሦስት ምጣድ ቤት ከነጭስ ማውጫው ነፋሱ በማያገኘው ጥግ ቆሟል፤ በየቤቱም አንዳንድ ማጀት ገብቷል። እናቴ አይታ «አሁን ቤት መሰለ» አለች።

ይህ ልጅ ትምህርት ቤቱ ተመልሶ ጁሪ ፊት ሲቆም ግን ማንም ስለ ምጣድ አልጠየቀውም። የተጠየቀው የፊት ገጽታው ለምን እንዲህ ተራ ሆነ ነው። ለምን መስታወት የለውም፣ የከተማው መለያ የሚሆን ነገር ለምን አልጨመርክበትም ተባለ። ጓደኞቹ ሙዚየምና የአውሮፕላን ማረፊያ ነድፈው ተጨብጭቦላቸዋል። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ልጁን ስለምጠብቀው ነው። ግን እናንተ መምህራን፣ ባልደረቦቼ ናችሁና በግልጽ ልናገራችሁ። ደምበጫ የአውሮፕላን ማረፊያ አልጠየቀችም። ደምበጫ የጠየቀችው ደመወዙ በወሩ አጋማሽ የሚያልቅ መምህር፣ ነርስና የሱቅ ሠራተኛ የሚገባበት ቤት ነው። አምስት ዓመት ያስተማራችሁትን ልጅ ወደዚህ ጥያቄ ካልላካችሁት ወደየት ልትልኩት ነው? የሠራውስ ስዕል ከጁሪው በኋላ መደርደሪያ ላይ አቧራ እንዲጠጣ ከሆነ ያን ሁሉ ሌሊት ለምን አስነቃችሁት?

ተማሪ ስዕል ብቻ ነው የሚሠራ የምትሉኝ ካላችሁ አገራችን ራሷ ትመስክር። አዲስ አበባ ልደታ ያለው የአርክቴክቸር ኢንስቲትዩት፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2010 ከዙሪኩ የስዊስ ፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር ሆነው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ከአፈር ሠሩ። የታችኛው ግድግዳ የተጠቀጠቀ አፈር ነው። ፎቁን የተሸከመው የቀጭን የአፈር ጡብ ቅስት ነው፤ ፌሮ የለበትም። ፎቅ ያለ ብረት አይቆምም ለሚል ሰው ከዚህ በላይ ምን መልስ አለ? ተማሪዎቹ በእጃቸው ነው የሠሩት።

ይህም ሩቅ ከሆነባችሁ ክልላችን ውስጥ ልውሰዳችሁ። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ቡራ የምትባል ቦታ አለች። የስዊሱ ፕሮፌሰር ፍራንዝ ኦስዋልድ፣ የእኛዎቹ አርክቴክቶች ፋሲል ጊዮርጊስና ዘገየ ቸርነት፣ ሌሎችም ባልደረቦቻቸው ሆነው ለገበሬው የሚሆን አዲስ ከተማ አሰቡ። የከተማዋ መነሻ ሐሳብ ዝናብ ነው። ቤቶቹ በአንድ የጋራ ጣሪያ ሥር ይደረደራሉ፤ ጣሪያው የክረምቱን ውሃ ሰብስቦ ወደ ማጠራቀሚያ ይልካል፤ ቤተሰቡ ከጣሪያው ሥር የራሱን ቤት በራሱ እጅ ይሠራል። ቋሚው ባሕር ዛፍ ነው። የወንድሜ ልጅ ይህን ሲያነብ ነው ሁለቱን ረጃጅም ጣሪያዎች ያመጣቸው።

እስቲ ይህንንም በደምበጫ እናስላው። በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ በዓመት ከአንድ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል። የሃያው ቤት ጣሪያ ሲደመር 1,000 ካሬ ነው። አንድ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት አንድ ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። ሩቡን ብቻ ብንይዝ ለአንድ ቤተሰብ 625 ጀሪካን ነው። አሁን ያ ውሃ በየቆርቆሯችን ወርዶ፣ በየአጥራችን ሥር አልፎ፣ መንገዱን ቦርቡሮ ወደ ተምጫ ወንዝ ይሄዳል። እኛ ደግሞ በበጋ ጀሪካን ይዘን ቦኖ እንሰለፋለን። የምትሰለፈው ደግሞ እናት ናት፣ ልጅ ናት።

ተማሪ ቤት መሥራት እንደሚችል ከአገራችን ውጭም ምስክር አለ። ፍራንሲስ ኬሬ የሚባል የቡርኪና ፋሶ ሰው አለ። በርሊን አርክቴክቸር ሲማር ገና ተማሪ እያለ ጋንዶ ለምትባለው መንደሩ ትምህርት ቤት ልሥራ ብሎ ተነሣ። ገንዘቡን ከጓደኞቹ ለምኖ ሰበሰበ። የመንደሩ ሰው በአፈር እሠራለሁ ሲለው አላመነውም፤ አውሮፓ ተምሮ የመጣ ልጅ ጭቃ ይዞብን ይመጣል ብሎ አዘነበት። ለካ ንቀቱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ጭቃ የድህነት ምልክት ነው የሚለውን ነገር አፍሪካውያን ሁሉ አንድ ላይ ነው የዋጥነው። ኬሬ አፈሩን በጥቂት ሲሚንቶ አጠንክሮ ጡብ አደረገው፤ ጣሪያውን ከግድግዳው ከፍ አድርጎ አየር አሳለፈበት። ወንዱም ሴቱም አብሮ ሠራ። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 አለቀ። ኬሬ የተመረቀው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በሙያው ትልቁን የፕሪትዝከር ሽልማት ሲቀበል ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆነ። በአሜሪካም አላባማ ውስጥ የኦበርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በድሃው ገጠር እየኖሩ ለሰው ቤት ይሠራሉ፤ ሰው እስኪገባበት ድረስ ነው ሥራው። ቺሊ ኢኪኬ ከተማ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 መንግሥት ለአንድ ቤተሰብ የመደበው 7,500 ዶላር ሙሉ ቤት አልሠራ ሲል፣ አርክቴክቱ አራቬና ግማሹን፣ ያውም ከባዱን ግማሽ፣ አቁሞ ቀሪውን ቤተሰቡ እንዲሞላው አደረገ። እኛ ወጋግራውንና ጣሪያውን በወንፈል አቁመን ምርጊቱን ቀስ እያልን ስንጨርስ የኖርን ሕዝብ ነን። ይህ ለእኛ አዲስ ነው?

«ሕዝባችን በጋራ መኖር አይወድም» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይመጣል። ማን ነው የማይወደው? ዕድሩ የጋራ ድንኳን፣ የጋራ ብረት ድስት፣ የጋራ ወንበር አለው፤ መዝገብ ይዞ፣ ዳኛ መርጦ፣ ያጠፋውን እየቀጣ ነው የሚያስተዳድረው። ዕቁቡ፣ ሰንበቴው፣ የፋሲካ ቅርጫው የማን ነው? የማይወደው ያልተጠየቀበትን ጋራ ነው። በ1996 በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሲጀመር በየሳይቱ ለበግ ማረጃ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ ሰው ኮሚናል የሚለው ቤት ተሠርቶ ነበር። ሐሳቡ ሸጋ ነበር። ግን ሦስትና አራት ፎቅ ላይ ያለች ሴት ሊጥ ተሸክማ ደረጃ ትወርዳለች ወይ ብሎ እንደ እናቴ ያለ ሰው አልጠየቀም። በየቦታው ኮሚናሉ ለሌላ ነገር ዋለ፤ ጭሱም በየኮሪደሩ ቀረ። የተሳሳተው ጋራው አይደለም፤ የተሳሳተው ምጣዱና ድስቱ ያልተለየበት ስዕል ነው።

«ካርታው እንዴት ይሆናል፣ ባንክ ምን ይዞ ያበድራል» የሚሉም አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልስ ግን አለው። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የወጣው ለፎቅ ብቻ አይደለም። አምስትና ከዚያ በላይ በተናጠል የተያዙ ቤቶች በረድፍ ሲሠሩም፣ የጋራ መጠቀሚያቸውንና ቦታውን ይዞ፣ አዋጁ ያውቃቸዋል። ሃያ መምህር በረድፍ ቤት፣ እያንዳንዱ የራሱን ቤት ይዞ፣ ግቢውንና የውሃ ማጠራቀሚያውን በጋራ መያዝ ይችላል። ሕጉ ተጽፎ ከተቀመጠ ሃያ ዓመት አልፎታል። እኛ ግን ማኅበር ስንባል የምናውቀው ቦታ እስክንቀበል ድረስ ነው። ዕጣ በወጣ ማግስት ማኅበሩ ይፈርሳል፤ ሁሉም ሜትር ይዞ ይሮጣል።

እኔም ሮጫለሁ። ጎረቤቴ አንድ አጥር እንጋራ ብላኝ እምቢ ያልኳት እኔ ነኝ። ነገ ብትሸጠውስ፣ ድንበር ብትገፋስ ብዬ ፈራሁ። እሷም አጠረች፣ እኔም አጠርኩ፤ በሁለቱ አጥሮች መካከል ድመት የማታልፍበት ክፍተት ቀረ። ሁለታችንም ቤት የለንም። ይህን ስጽፍ ያመኛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያንገበግበኝ የገበሬው ነገር ነው። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር መንገድ ደምበጫን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከተማዋም መንገዱን ተከትላ በሁለቱም በኩል ትለጠጣለች። በተለጠጠች ቁጥር የጤፍና የበቆሎ ማሳ ይሸነሸናል። በአዋጅ 455/1997 ለገበሬው የሚከፈለው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በዐሥር ተባዝቶ ነበር፤ አዋጅ 1161/2011 ከሦስቱ ዓመት ትልቁን ወስዶ በዐሥራ አምስት አባዛው። ተሻሽሏል፣ እሰየው። ግን ገንዘቡ ያልቃል፤ የዐሥራ አምስት ዓመት እህል ተብሎ የተሰጠ ብር በሁለት ዓመት ሲያልቅ አይቻለሁ። መሬቱን የሰጠው ሰው ተሸንሽኖ በተሰጠው ቦታ ላይ ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠርም አይቻለሁ። ምን ሲጠብቅ? ሰው ያልገባበትን አጥር። ያ ማሳ ጤፍ ያበቅል ነበር፣ አሁን የሚያበቅለው አረም ነው። ቤት ለሌለው ቤት ሆኖ ቢሆን ኖሮ እሺ፤ ገበሬው የከፈለው መሥዋዕት ስም ይኖረው ነበር። ቤትም ማሳም አልሆነም። 200 ካሬ የጠየቅነው እኛ ነን፣ የሸነሸነውም ያጸደቀውም አለ፤ ማናችንም ንጹሕ አይደለንም።

«በዚህ ጊዜ የቤት ወሬ ነው?» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ የአማራ ክልላችን ያለበትን ግጭት ማንም ያውቀዋል፤ እኛም ውስጡ ነን። ሲሚንቶ የጫነ መኪና የማያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ለዚህም ነው አሁን የምናገረው። መንገድ ሲዘጋ አፈሩ አይዘጋም። ቤት የሌለው ሰው ሰላም እስኪመጣ ክረምቱን የሚያሳልፈው የሰው ሰርቪስ ውስጥ ነው፤ ኪራዩ እየጨመረ፣ ልጆቹ በአንድ ፍራሽ ላይ እየተኙ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንድ ማስፋፊያ ውስጥ ሃያ ቤት የሚይዝ አንድ ቦታ ሳይሸነሸን ይሰጥ። ቦታውን በአዋጅ 370 መሠረት በረድፍ ቤት ለመያዝ ፈቃደኛ የሆነ አንድ ማኅበር ይግባበት፤ ፈቃደኛ መምህር ከተፈለገ ስሜን ከላይ ጻፉት። የድንጋይ መሠረትና ሰፊ ክንፍ ያለው የጭቃ ቤት ቋሚ ቤት ነው ተብሎ ፈቃዱ ይፈረም። አንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለሁለት በጋ ይላክ፤ የተግባር ውጤታቸው ወረቀት ላይ ሳይሆን ቆሞ ሰው በገባበት ቤት ይሰጥ። ቅስት ማሠር፣ ጡብ መጭመቅ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ መሥራት እነሱ ያስተምሩን። ጭቃ መቼ እንደሚደርስ እኛ እናስተምራቸዋለን።

ሞዴሉን ልጁ እኛ ጋ ትቶት ሄደ። እናቴ አቧራ እንዳይነካው በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጣዋለች። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሦስት ጎረቤቶቿ ቡና ሊጠጡ ሲገቡ አውርዳ ሞሰቡ ላይ አደረገችውና ጣሪያውን አነሣችላቸው። አንደኛዋ ከውሃ ማጠራቀሚያው አጠገብ ያለውን ቤት በጣቷ ነክታ «ይኼኛው የኔ ነው» አለች። ሌላዋ ምጣድ ቤቱን ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየችና፣ ሦስት ምጣድ ለሃያ ቤት አይበቃም፣ አራት ይሁን አለች። ለልጁ በዚያው ማታ ደውዬ ነገርኩት።